የጠዋቱ አውሮፕላን

ስልኬ ላይ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ መጻፍ ልማድ ሆኖብኛል። ከጅዳ አዲስ አበባ፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር። ርቀቱን ያወጣልኛል፣ በአየር የሚፈጀውንም ጊዜ ያወጣልኛል። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ከምናምን፣ ሁለተኛው አንድ ሰዓት አይሞላም። ትናንትም ያው፣ ዛሬም ያው። ከተሞች ቦታ አይለውጡ! ምን እንዲቀየር እንደምጠብቅ እንጃልኝ። ጎረቤት ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ አንድ ቀን አየችኝና «ልትሄጂ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ ወዲያ፣ ዝም ብዬ ነው» አልኋት። ውሸቴን ነው። እናቴ የተቀበረች ቀን እኔ በዚህ መንገድ ላይ ነበርሁ። ቀብሯ ላይ መድረስ እችል ነበር፤ የሚያደርሰኝ ወንበርም በእጄ ነበር። ወንበሩን ለማላውቃት ሴት ሰጠሁት። እናቴ መሞቷን አላውቅማ!

አገሬ ታች ጋይንት ነው። ቤታችን ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ከሚታይበት አፋፍ ላይ ነው። እኔ ጅዳ ሰው ቤት እሠራለሁ፤ የሰው ልጅ አዝዬ አሳድጌ ትምህርት ቤት እስካስገባ ድረስ አገሬን አላየሁም ነበር። እናቴ ክረምቱ እንደወጣ ደረቷን ታመመች። ታላቅ ወንድሜ ንፋስ መውጫ አስተማሪ ነው፤ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት እሱ፣ ለእኔም የሚደውልልኝ እሱ። «ይሻላታል፣ ይሻላታል» ስባል ቆየሁና አንድ ቀን ድምፅዋ ተዘግቶ ሰማሁት። ከእመቤቲቱ ጋር ተጨቃጭቄ፣ ተቆጥቼም አልቅሼም ፈቃድ አወጣሁ። ሳልደርስ ትሞትብኛለች የሚል ፍርሃት ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሳኝ።

ለአባቴ መንገዱን በስልክ ሳስረዳቸው «በአየር ስንት ይሆናል?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «ሁለት ሰዓት? እኛ ንፋስ መውጫ ለመውጣት መኪና ስንጠብቅ ብቻ ከዚያ በላይ እንቆም የለም እንዴ!» አሉ። ከጀርባቸው እምዬ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ «ታዲያ ይኸን ያህል ቅርብ ከሆነ እስካሁን ምን አስቀመጣት?» ስትል ሰማኋት። ሳቅን። አባባም ሳቁ፣ እሷም እየሳለች ሳቀች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ማድቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስሁ።

ከጅዳ የተነሣሁት ሊነጋ ሲል ነው። ከመሳፈሬ በፊት ደውዬ «እንዴት ናት?» ስለው ወንድሜ «ተኝታለች፣ አሁንስ አልቀሰቅሳትም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ያኔ ተኝታ ነበር። ያረፈችው ከዚያ በኋላ፣ ዶሮ ሲጮህ ነው። እኔ ያን ጊዜ ቀበቶዬን አስሬ፣ ስልኬን አጥፍቼ ተቀምጫለሁ።

ከፊቴ ካለው ወንበር ጀርባ ላይ ካርታ አለ። ትንሽዬ አውሮፕላን እየተሳበች ትሄዳለች፤ የቀረው ርቀትና የቀረው ጊዜ ከሥሯ ይጻፋል። ሰው ፊልም ያያል፣ እኔ እሷን አያለሁ። ባሕሩን ተሻገርን። ነጋ። ትንሽ ቆይቶ ካርታው ላይ በአንድ ወገን ላሊበላ፣ በሌላው ወገን ጎንደር የሚል ስም ወጣ። በስመ አብ! መሀሉ እኮ እኛ ነን። ጋይንት ብሎ የሚጽፍ የለም እንጂ መሀሉ እኛው ነን። በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ ጭጋግ የተኛበት ገደል፣ ከአፋፉ በላይ ደግሞ ቢጫ ማሳ። የኛው የበሽሎ ገደል ነው ብዬ ቆረጥሁ። «እምዬ፣ መጣሁልሽ» አልሁ፤ ድምፅ አውጥቼ ኖሯል፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ከዚያ በላይዋ አልፌ ሄድሁ። አውሮፕላን እንደ ሚኒባስ «ወራጅ አለ» አይባልበት።

አሁን የሚያባንነኝ አንዱ ይኸ ነው። ያን ሰዓት ከሥሬ ዋይታ ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ ሴቶቹ እምዬን እያጠቡ፣ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን እየወረዱ ነበር። እኔ ከላያቸው ሆኜ ሻይ እጠጣለሁ። ስኳር ጨምሪልኝ ብዬም ነበር።

ቦሌ ወርጄ የአገር ቤቱን ሲም ሳስገባ ወንድሜ ደጋግሞ ደውሎ አገኘሁት። መልሼ ደወልሁ። «ደረስሽ? ተመስገን» አለ። «በጠዋቱ አውሮፕላን ነው አይደል የምትመጪው? እንዳያመልጥሽ፣ አደራ!»

«ምነው ወንድምጋሼ፣ ባሰባት እንዴ?»

«ኧረ የለም። እየጠበቀችሽ ነው።»

በኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው መንገድ ላይ ሳለ፣ ብቻውን ሳለ፣ ሆዱ ባዶ ሳለ የእናቱ ሞት አይነገረውም። መጀመሪያ ከዘመድ ቤት ይገባል፣ እህል ይቀምሳል፣ ያድራል። ሊነጋጋ ሲል ቄስና ሽማግሌ መጥተው ያረዱታል፤ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው በግራና በቀኙ ይቆማል። ይኸን እኔም አውቃለሁ፤ ስንቱ ሲረዳ ከጎኑ ቆሜ አልቅሻለሁ። የራስ ሲሆን ግን አይታይም። ወንድሜ እንደ ወጉ ዋሸኝ። በዚያው አፉ ደግሞ ቄሶቹን «እስከ ሰርክ ቆዩልኝ፣ እህቴ በአየር እየመጣች ነው» ብሎ ለምኗል። በጠዋቱ አውሮፕላን ብሄድ ረፋዱ ላይ ባሕር ዳር፣ ከዚያ እሱ ባዘጋጀው መኪና ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ፊት እደርሳለሁ። አፈር ሳትለብስ አያታለሁ። ሐሳቡ ይኸ ነበር፤ ለእኔ ብቻ አልተነገረኝም።

የአገር ውስጥ በረራው መግቢያ ላይ ተሰልፌ ሳለሁ አንዲት ሴት የአየር መንገዱን ልጅ ትለምናለች። ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ዕኩያዬ ናት። «በእመቤቴ ማርያም ይዤሃለሁ ወንድሜ፣ እናቴ ዛሬ ትቀበራለች፤ በዚህ ካልሄድሁ አልደርስም» ትለዋለች። ልጁም አዝኗል፣ ግን «ሞልቷል እህቴ፣ ምን ላድርግሽ? የከሰዓቱ ቦታ አለው» ይላታል። «የከሰዓቱማ ምን ያደርግልኛል!» ብላ ጠረጴዛው ላይ በግንባሯ ተደፋች።

ጠጋ ብዬ ትከሻዋን ያዝኋት። «ከወዴት ነሽ እናቴ?» አልኋት። ከአዴት ናት፤ አዲስ አበባ ትሠራለች። «ብቻሽን? ማን አረዳሽ?»

«ማንም አላረዳኝ። የሰፈር ልጅ ፌስቡክ ላይ ፎቶዋን ለጥፎ ነፍስ ይማር ብሎ አየሁት።»

እንዴት እንደተናደድሁ! «ምን ዓይነት ስድ ነው በስልክ መርዶ የሚያረዳ! አሳዳጊ የበደለው!» ብዬ እዚያው ሰው መሀል ጮህሁ። ሴትዮዋ አንጀቴን በላችው። በሆዴም «የእኔዋ ታማለች እንጂ በሕይወት ናት። ዛሬ ማታ ባያት፣ ነገ ረፋድ ላይ ባያት ምን ይለኛል? የዚች ግን ዛሬ ካለፈ አለፈ» አልሁ። ወንድሜ አደራ ማለቱ ትዝ ብሎኛል። እሱ ድሮም ችኩል ነው ብዬ ተውሁት።

«የእኔን ወንበር ስጣት። እኔን በከሰዓቱ አድርገኝ» አልሁት ልጁን። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። «ስጣት አልሁህ እኮ!» ብዬ ተቆጣሁት። ሴትዮዋ ጉልበቴን ልትይዝ ወረደች፤ አነሣኋት። ዓይኗ አብጦ እኔን ማየቷንም እንጃ። «እናትሽን ያቆይልሽ» አለችኝ።

«አሜን» አልሁ።

ስሟን አልጠየቅኋት። በመስታወቱ በኩል አውሮፕላኑ ሲነሣ ቆሜ አየሁ፤ ደስ ብሎኛል፣ ልዋሽ አልችልም። ከዚያ ደረቴን ነፍቼ ለወንድሜ ደወልሁ። እኛ ሰፈር ኔትወርክ በደንብ የሚገኘው አፋፉ ጫፍ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ቆሞ ኖሯል። ከጀርባው ብዙ የሰው ድምፅ ይሰማኛል። «ምንድን ነው ጫጫታው?» አልሁት። «ገበያ ነው» አለኝ። ቀኑ ሮብ ነበር። ገበያችን የሚቆመው ዓርብ ነው፤ የአገሩ ልጅ ሆኜ በሮብ ገበያ ሲሉኝ ልብ አላልሁም። የራሴን ደግነት ለመናገር ቸኩያለሁ። ሁሉንም ነገርሁት፤ ሴትዮዋን፣ ልመናዋን፣ ወንበሩን።

ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» አልሁ።

«አውሮፕላኑ ተነሣ?» አለኝ።

«አሁን፣ እያየሁት። ምነው?»

«ምንም። ደግ አደረግሽ፣ እታለም። ደግ አደረግሽ።»

ድምፁ ልክ አልነበረም። ኔትወርኩ ነው ብዬ ዘጋሁት።

በከሰዓቱ ተሳፍሬ ባሕር ዳር ስወርድ ፀሐይዋ ጣና ላይ ልትጠልቅ ነው። ዘንድሮ መንገዱ ስለሚያሰጋ በዚያ ሰዓት ወደ ጋይንት የሚወጣ መኪና የለም። አደርሁ። ለእምዬ ብርቱካን ገዛሁ፤ የበሰለ የበሰለውን እየመረጥሁ፣ ከሻጯ ጋር ሁሉ ተጨቃጭቄ። በማግሥቱ ሐሙስ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ደብረ ታቦርን ስናልፍ አየሩ ሲለወጥ፣ የገብስ ክምሩ ሲታየኝ፣ እንደ ልጅ እስቃለሁ። ሾፌሩ «ሠርግ ነው እንዴ የምትሄጂው?» አለኝ። «ከሠርግም ይበልጣል፣ እናቴን ላይ ነው» አልሁት።

ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ወንድሜ ቆሞ ይጠብቀኛል። ኮፍያ ደፍቷል። አቀፈኝ፤ አልለቅ አለኝ። «ኮፍያ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?» ብዬ ላነሣው ስል እጄን አፈፍ አደረገው። «ብርዱ ነው፣ ተይው» አለ። ንፋስ መውጫ መቼም ብርድ አያጣትም። አመንሁት።

የአርብ ገበያን መንገድ ስንወርድ አቧራው መስኮቱን አልፎ ፊታችንን አለበሰው። እየሳልሁ እጠይቀዋለሁ። «እህል ትቀምሳለች?» «እንጃ፣ አልፎ አልፎ።» «ሌሊት ሌሊት ያስላታል?» «አሁን አቁሟል።» ጥርሱን ነክሶ ውጭ ውጭውን ያያል። ብርቱካኑን ጭኔ ላይ አድርጌ እንዳይፈርጥ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ።

አርብ ገበያ ስንገባ ወደ ቤታችን በመውጣት ፋንታ ወደ አክስታችን ቤት አዞረኝ። አክስቴ በራፍ ላይ ተቀበሉኝና ሳሙኝ፤ ጉንጫቸው ርጥብ ነው። ውኃ አስታጠቡኝ፣ ማዕድ ቀረበ። «መንገድ አድክሞሻል ልጄ፤ ቅመሽ፣ ዕረፊ። ጠዋት ትሄጃለሽ» አሉኝ።

«እንዴ አክስቴ! ቤታችን እኮ ከደጅዎ ላይ ይታያል! ምን ሆናችኋል? እምዬን ሳላይ እህል አልቀምስም!» ብዬ ጮህሁ። አክስቴ ሳህኑን ብቻ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ያን ጊዜ ገባኝ። በኛ አገር የእናትሽ ቤት ማዶ እየታየ ሌላ ቤት ብዪ፣ እደሪ ከተባልሽ ሌላ የሚነገርሽ የለም። ወንድሜን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። መጮህ ነበረብኝ፣ ኮፍያውን መንጠቅ ነበረብኝ። ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? በላሁ። ሽማግሌዎቹ መጥተው እስኪነግሩኝ ድረስ አልሞተችማ! ቀስ ብዬ ቆርሼ ቀስ ብዬ ጎረስሁ። አክስቴ ወደ ግድግዳው ዞረው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ እኔ አላምጣለሁ። ጨምሩልኝም አልሁ። ጨመሩልኝ። ስንተኛም ለእምዬ ያመጣሁትን ብርድ ልብስ ተሸፍኜ፣ ነገ ላለብሳት ነው ብዬ ለራሴ እየነገርሁ ተኛሁ።

ሊነጋጋ ሲል መጡ። ከፊት የንስሐ አባታችን፣ ከኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ጀመሩ። ማወቄ ምንም አልጠቀመኝ። እንደ ወጉ በግራ በቀኝ ያዙኝ። ወንድሜ ኮፍያውን አወለቀ፤ ራሱን ተላጭቷል። «መቼ?» ስል ሰሙኝ። «ሮብ፣ ሰርክ ላይ ሸኘናት» አሉኝ። ሮብ! የሮቡ ወንበር ያን ጊዜ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። እሪታዬን የሰሙ ሁሉ ለእናቷ ነው አሉ። ለወንበሩም ነበር።

ዕለቱ ገበያ ስለነበር ሰዉ ከገበያ ወደ ለቅሶው ጎረፈ። የወንበሬን ወሬ ወንድሜ የቀብሩ ዕለት ተናግሮት ኖሮ ድፍን አርብ ገበያ ሰምቷል። የመጣው ሁሉ «አንቺ ነሽ ለሰው ቀብር ወንበርሽን የሰጠሽው? ብፅዕት ነሽ» ይለኛል። እርር ድብን አልሁ። ከስማዳ የመጣች አልቃሽ ደግሞ መሀል ገብታ ደረቷን እየመታች አወረደችው፦

ለማታውቃት እናት ወንበሯን ለቃ፣
የራሷ ሄደችባት ጠብቃ ጠብቃ።

ሰዉ አነባ። እኔ ግን ዓይኔ ደረቀ፤ አፏን ይዤ ዝም ባሰኘኋት አልሁ።

ሰው ሲቀል ወንድሜን ጓሮ ወስጄ ያዝሁት። «ለምን አልነገርኸኝም? አንዲት ቃል! ሞታለች ብትለኝ ወንበሬን ለማን እሰጥ ነበር? ለንጉሥም አልሰጥ!» አልሁት።

«ቦሌ ብቻሽን ቆመሽ? ማን ይይዝሽ ነበር?» አለኝ።

«የሚይዘኝ አልፈለግሁም! እኔ ልይዛት ነበር የፈለግሁት!»

አለቀሰ። ታላቄ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ሴቶቹ ሲገንዟት ፊቷን ብቻ ሳይሸፍኑ እንዳቆዩልኝ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ሌላው ሁሉ ተጠቅልሎ ፊቷ ክፍት ሆኖ ዋለ፤ ዝንብ እንዳያርፍባት አክስቴ አጠገቧ ቁጭ ብለው ሲከላከሉ። ወንድሜ ከእኔ ጋር አውርቶ ከአፋፉ ሲወርድ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየው። ራሱን ነቀነቀ። ሴቶቹ ገባቸውና ፊቷን ሸፈኑት።

ያችን ሴት አልረግማትም። አልረግማትም እላለሁ እንጂ የረገምኋት ቀንም አለ፤ መልሼ ደግሞ ማረኝ እላለሁ። አትለየኝም። ጅዳ ወለል እየወለወልሁ ቀና ስል ወንበሬ ላይ ተቀምጣ አያታለሁ፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ። ባሕር ዳር ወርዳ ወደ አዴት አትሄድም። ወደ ጋይንት ነው የምትወጣው። በእኔ ሰዓት ትደርሳለች፣ ሰዉ መንገድ ይለቅላታል፣ እምዬ አጠገብ ትንበረከካለች። እምዬም «መጣሽ?» ትላታለች። እኔ መስላታለች። አይደለሁም ብዬ መጮህ እፈልጋለሁ፤ በቀን፣ ባኞ ቤት መሀል፣ መወልወያ ይዤ። እብደት ነው ብሉኝ፣ አልቆጣም።

ወደ ጅዳ ልመለስ ስል አባቴ አውድማው ዳር አስቀመጡኝ። ገብሱን ጎረቤት ይወቃላቸዋል፤ እሳቸው ሐዘንተኛ ናቸውና ቁጭ ብለው ያያሉ። «ቅበሩ ያልሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ወንድምሽ ይደር፣ ነገ ትደርሳለች ብሎ ነበር። ቄሶቹንም እሺ አሰኝቷል። እኔ ነኝ እንቢ ያልሁ።»

ደሜ ፈላ። አባቴን ተቆጥቼ አላውቅም። «ለምን አባባ? ምን አጠፋሁብዎ?» አልሁ።

«ምንም አላጠፋሽ። ወንድምሽ የሠራሽውን ሲነግረኝ ሄጄ በጆሮዋ ነገርኋት። ልጅሽ ዛሬ የሰው ልጅ ለእናቷ አደረሰች፣ ካንቺ የምትቀር ለዚያ ነው አልኋት። ከዚህ በላይ ምን ስንቅ ይሰነቅላታል? ጽድቁን ይዛ ትሂድ ብዬ ሸኘኋት።»

«አባባ» አልሁ፣ «እኔ ጽድቅ አልፈለግሁም። እምዬን ነው የፈለግሁት።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። በሬዎቹ ዞሩ፣ ደግመው ዞሩ። አባቴ በትራቸውን መሬት ላይ አጋደሙና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«እኔም» አሉ።